በሦስት ቀን 23 ባንድ ማየት ይቻላል?

ጀማሪዋ አድማጭ

ሰላም ለሁላችሁም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የበጋ ሙዚቃ ፌስቲቫል እሄዳለሁ። የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት ቀን፣ አራት መድረክ፣ ሁሉም ሜዳ ላይ። ትናንት ፕሮግራሙ ወጣና ማየት የምፈልገውን በእስክሪብቶ ሳከብ አመሸሁ። ስቆጥረው 23 ባንድ ሆነ። ከዚያ ሰዓታቸውን ሳይ ራሴን ያዝኩ። ቅዳሜ ማታ ብቻ ሦስቱ እኩል ነው የሚጀምሩት።

አብራኝ የምትሄደው ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ዓለም ላይ ናት። ከረፋዱ ጀምራ ዋናው መድረክ ፊት አጥሩ ላይ ተለጥፋ የማታውን ባንድ መጠበቅ ነው የምትፈልገው።

23ቱ ይቻላል ወይስ ህልም ነው? ሲጋጩብኝ በምን ልምረጥ? ጆሮዬና እግሬስ ይችሉታል? "ውሃ ጠጪ፣ ኮፍያ አድርጊ" የሚለውን እናቴ ነግራኛለች። እኔ የምፈልገው የሄደበት ሰው ብቻ የሚያውቀውን ነው።

እግረ ቀላል

ይቻላል እህቴ። እኔ ባለፈው ዓመት በሦስት ቀን 26 አይቻለሁ። ግን ሒሳቡን ቀድመሽ ሥሪ።

ቀን ላይ የሚወጡ ትንንሽ ባንዶች ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ነው የሚሰጣቸው። የማታው ዋና ባንድ 90 ደቂቃ አካባቢ ይጫወታል። አንዱ ወርዶ ሌላው እስኪወጣ ደግሞ ዕቃ ሲቀያየር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ መድረክ ሥር ተተክለሽ ብትውዪ በቀን ስድስት ሰባት ባንድ ነው። ከዚያ በላይ የሚገኘው ዕቃ ሲቀየር ወደ ሌላ መድረክ በመሄድ ነው።

ችግሩ መንገዱ ነው። ካርታ ላይ ሁለት ጣት የምታክል ርቀት ማታ በሰው መሃል ሌላ ነገር ትሆናለች። ባዶ ሜዳ ላይ አንድ ኪሎ ሜትር 12 ደቂቃ ቢወስድሽ፣ በጨለማ፣ በሰልፍና በግፊያ እጥፉን አስቢ። በተለይ ዋናው ባንድ ሲጨርስ ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚነሳው። የመጨረሻው ዘፈን ሲጀመር ወደ ዳር ውጪ፣ ዘፈኑን እየሄድሽ ጨርሺው።

ያከበብሻቸውን ደግሞ በሦስት ክፈያቸው። "ሞቼ እገኛለሁ"፣ "ባየው ደስ ይለኛል"፣ "በዚያ ካለፍኩ አያለሁ"። የመጀመሪያው ክፍል በቀን ከሦስት እንዳይበልጥ። ሦስተኛውን እርሺው፣ ራሱ ይመጣል።

ቤዝ መቺው

እግረ ቀላል ወንድሜ፣ 26 ባንድ አየህ እንጂ ሰማህ አልልህም። አትቀየመኝ።

እኔ ትንሹ መድረክ ላይ የተጫወትኩ ሰው ነኝ። ምስጢር ልንገርሽ እህት፦ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች እኛም እንፈራቸዋለን። ፌስቲቫል ላይ ትንሽ ባንድ እንደ ሰው ሳውንድ ቼክ (ከመጀመሩ በፊት ድምፅ መሞከሪያ ጊዜ) አይደርሰውም። ዕቃ ትሰካለህ፣ "ማይክ አንድ፣ ሁለት" ትላለህ፣ በቃ ጀምር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘፈኖች ሳውንድ ማኑ ገና ድምፁን እያስተካከለ ነው። አንዴ የኔ ቤዝ እስከ ሦስተኛው ዘፈን ድረስ ጭራሽ አልተሰማም፤ እኔ መድረክ ላይ ስወዛወዝ እታያለሁ፣ ድምፅ ግን የለም። መጥተሽ ሁለት ዘፈን ሰምተሽ ከሄድሽ የሰማሽው መጥፎውን ነው። ግማሽ ብቻ የምታዪ ከሆነ የመጨረሻውን ግማሽ እዪ። ጥሩ ጥሩዎቹን ዘፈኖች ወደ መጨረሻ ነው የምናስቀምጣቸው።

ሲጋጩብሽ፦ ሌላ ጊዜ የማታገኚውን ምረጪ። ትልቁ ባንድ በሚቀጥለው ዓመትም ይኖራል። ትንሹ ላይኖር ይችላል። የኛው ባንድ ራሱ ከፌስቲቫሉ በኋላ ስምንት ወር አልቆየም።

እግረ ቀላል

አልተቀየምኩም። ግን እኔ አሁን የምወዳቸውን ባንዶች ግማሹን ያገኘኋቸው እንዲሁ ሳልፍ ነው። አንድ ቦታ ብተከል አላገኛቸውም ነበር።

ሳውንድ ማን

ሁለታችሁም ስለ ሰዓት ታወራላችሁ። ስለ ቦታስ?

እህቴ፣ ሜዳው ላይ ድንኳን የለበሰ፣ ኬብል የሚገባበት፣ ሰዎች ሚክሰር (የድምፅ ማደባለቂያ) ላይ አጎንብሰው የምታያቸው ትንሽ ማማ ትኖራለች። ከመድረኩ ፊት ለፊት መሃል ላይ ነው የምትሠራው። ባንዱን ለሕዝቡ የሚያስተካክለው ሰው እዚያ ስለሆነ የሚያስተካክለው እሱ በሚሰማው ልክ ነው። ከዚያች ማማ ፊት ወይም ጎን ቁሚ። አጥሩ ሥር ግን የምትሰሚው ከፊትሽ ያለውን ስፒከርና ከበሮውን ነው፤ ዘፋኙ አንዳንዴ ጨርሶ ይጠፋል። ቤዙም እንዲሁ ነው። ቤዝ ስፒከሮች ግራና ቀኝ ብቻ ከተደረደሩ መሃል መስመር ላይ ይደመራል፣ ትንሽ ወደ ጎን ስትሄጂ ይሳሳል። ካልተመቸሽ አምስት እርምጃ ፈቀቅ በይ።

ሩቅ ከሆንሽ ደግሞ ከበሮ መቺውን እዪው። ዱላው ከበሮውን ሲመታ ታያለሽ፣ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ 100 ሜትር ላይ ሲሶ ሰከንድ ያህል ይዘገያል። ሜዳው መሃል የምታያቸው ተጨማሪ ስፒከሮችም ሆን ተብሎ በዚያው ልክ ይዘገያሉ። አለበለዚያ አንድ ዘፈን ሁለቴ ትሰሚ ነበር።

አሁን ጆሮ። ይሄን እንደ ቀልድ እንዳታልፊው። ዴሲቤል የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው። 85 ዴሲቤል ላይ ያለ መከላከያ 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይባላል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ ስትደርሺ የሚቀርሽ 15 ደቂቃ ነው። ፌስቲቫል ላይ 100 ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 ለኮንሰርት ቦታዎች ባወጣው መመሪያ ጣሪያውን 100 ዴሲቤል ነው ያደረገው። አንቺ የምትቆሚው 15 ደቂቃ ሳይሆን ሦስት ቀን ነው።

የጆሮ መሰኪያ ያዢ። የስፖንጁ ድምፅ ይቀንሳል፣ ግን ቀጭኑን ድምፅ አብዝቶ ስለሚበላ ሙዚቃው ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስላል። ለሙዚቀኞች የሚሠራው፣ ማጣሪያ ያለው፣ ሁሉንም እኩል ዝቅ ያደርጋል። ስፖንጁን ከወሰድሽ አገባቡን እወቂ። በጣትሽ ጠቅልለሽ ቀጭን አድርጊው። በሌላኛው እጅሽ በጭንቅላትሽ ላይ ዞረሽ ጆሮሽን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊ። አስገቢና ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ያዢው፣ እስኪያብጥ። አብዛኛው ሰው ጫፉን ሰክቶ "አይሠራም" ይላል።

ነርሷ

ለጓደኛሽ ነው የምጽፈው።

አጥሩ ሥር መዋል ክልክል አይደለም፣ እኔም በጊዜዬ ውያለሁ። ግን ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት ላለመሄድ ብላ ውሃ እንዳትተው። የሕክምና ድንኳን ውስጥ የምንቀበላቸው ብዙዎቹ እንደዚያ ያደረጉ ናቸው። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር ከመጣባት ወደ ጥላ ትውጣ፣ ቀስ እያለች ትጠጣ። ነገር ከተምታታባት፣ የምትለው ካልያያዘላት ግን ጥላ ብቻ አይበቃም፤ ወዲያው ሐኪም ጥሩላት።

ሰው ሲጨናነቅ ደግሞ አንድ ምልክት አለ። እጅሽን አንስተሽ ፊትሽን መንካት ከከበደሽ፣ ወይም ሳትፈልጊ ሰው እየነዳሽ ከሆነ፣ በጣም ጠብቋል። ያኔ ዘፈኑን አትጠብቂ። እጆችሽን እንደ ቦክሰኛ ደረትሽ ፊት አድርጊ፣ ለትንፋሽሽ ቦታ እንዲኖር። ግፊቱን ፊት ለፊት አትታገዪው። ሲላላ ጠብቀሽ ወደ ጎንና ወደ ኋላ አግድም ውጪ። ስልክ ቢወድቅብሽ ተዪው። ዴንማርክ ሮስኪልዴ ፌስቲቫል ላይ እ.ኤ.አ. በ2000 ፐርል ጃም የሚባለው የሮክ ባንድ ሲጫወት መድረኩ ፊት 9 ሰው ሞቷል። ላስፈራራሽ አይደለም። ወደ ፊት የሚገፋ ሰው ከፊቱ ያለው ምን እንደሆነ ስለማያይ ነው።

አዲስ ጫማ ደግሞ በፍጹም። በመጀመሪያው ቀን ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ይዘሽ ሦስተኛ ቀን አትደርሺም።

ጀማሪዋ አድማጭ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አንድ የሞኝ ጥያቄ ልጨምር። ፕሮግራሙ ላይ ቅዳሜ በሚለው ሥር፣ ከታች፣ 01:00 የሚል ባንድ አለ። ይሄ ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው ወይስ ቅዳሜ ለእሁድ?

ጋሼ ሽበት

ልጄ፣ የሞኝ አይደለም። እኔ በዚህ የተነሳ አንድ ባንድ አምልጦኛል።

ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ነው። እነሱ የፌስቲቫሉን ቀን የሚቆጥሩት መድረኩ ከተከፈተበት እስከሚዘጋበት ነው። ለእኛ መቀለል ነበረበት፤ "ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት" ስንል ማንም አይሳሳትም። የሚያሳስተው ስልኩ ነው፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ እሁድ ይልሻል። ስለዚህ ሁሉንም ወረቀት ላይ በእኛ አቆጣጠር ገልብጪው። 19:30 ምሽት 1 ሰዓት ተኩል። 00:30 ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል። በሁለት አቆጣጠር ያሰበ ሰው ሰልፍ ላይ ሆኖ መሳሳቱ አይቀርም።

ሰዓቱን ግን እንደ ወንጌል አትዪው። እ.ኤ.አ. በ1969 አሜሪካ ዉድስቶክ ፌስቲቫል ላይ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ እሁድ ማታ መዝጋት ሲገባው ሰኞ ጠዋት ነው የወጣው፣ አብዛኛው ሰው ወደ ቤቱ ሄዶ። ዛሬ እንደዚያ አይዘገይም፤ ብዙ ቦታ ድምፅ የሚዘጋበት ሰዓት በፈቃድ የተወሰነ ነው። ባንዱ ዘግይቶ ከጀመረ የሚቆረጠው ዘፈን ነው።

ባትሪ ሁለት በመቶ

ስሜ ይነግርሻል።

ብዙ ሺህ ሰው አንድ ሜዳ ላይ ሲሆን ኔትወርክ ይታነቃል። ስልክሽ ኔትወርክ ሲፈልግ ባትሪውን ይጨርሰዋል። ካልተጠቀምሽበት አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጊው። ፕሮግራሙንና ካርታውን ስክሪንሾት ያዢ። ኢንተርኔት እምቢ ሲል አንዳንዴ ተራ ቴክስት ያልፋል፣ ዘግይቶም ቢሆን።

ከጓደኛሽ ጋር ስትቀጣጠሩ ደግሞ "መድረኩ ጋ" አትበሉ። መድረኩ ጋ ሃያ ሺህ ሰው አለ። የማይንቀሳቀስ፣ ከሩቅ የሚታይ ነገር ምረጡ፣ ከሰዓት ጋር። እኔ አንዴ "ቢጫ ባሉን የያዘው ሰውዬ ጋ" ብዬ ቀጥሬ ሰውዬው ሄደ።

ጀማሪዋ አድማጭ (ከአምስት ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ጋሼ፣ ወረቀቱ ሠርቷል፣ ያንን የሌሊት 7 ሰዓቱን ባንድ አየሁት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ባይነግሩኝ ዓርብ ሌሊት ባዶ መድረክ ፊት እቆም ነበር።

ውጤቱ፦ 14 ሙሉ፣ 4 ግማሽ። 23 አልሞላም። ቅዳሜ ከሦስቱ ትንሹን መረጥኩ፣ ቤዝ መቺው እንዳለው። ሜዳው ላይ መቶ ሰው እንኳ አልነበረም። ዘፋኟ ሁለተኛው ዘፈን ላይ የጊታር ክር ተበጠሰባት። እየቀየረች ሳለ ከበሮ መቺው ብቻውን ቀጠለ፣ እኛም በጭብጨባ ያዝንለት። ክሩ ሲታሰር ከዚያው ምት ላይ ገባችበት። እስካሁን በጆሮዬ አለ። እዚያው የቀረሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ቀጥሎ ላየው የነበረው ባንድ አመለጠኝ።

እሁድ ዘነበ። በሁለት ደቂቃ ሜዳው ጭቃ ሆነ፣ መንገዱ እጥፍ ሳይሆን ሦስት እጥፍ ወሰደ። ይሄን ማንም አልነገረኝም፣ እግረ ቀላል!

ጓደኛዬ አጥሩን እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ያዘች። ከዚያ ራሷ ወጥታ ሚክሰሩ ጋ መጣች። "እዚህ ዘፋኙ ይሰማል እኮ" አለችኝ።

ሳውንድ ማን፣ አንድ ነገር። ማጣሪያ ካላቸው የጆሮ መሰኪያዎቼ አንዱን ጭቃ ውስጥ ጣልኩት። ነጠላ ይሸጣል?

ሳውንድ ማን

ብዙ ጊዜ አይሸጥም። እኔ ጋ ሦስት ቀኝ አለ፣ ግራ የለም። የጠፋብሽ የትኛው ነው?