ገመድ ይዤ ስወጣ ውሻው እኔን ይጎትተኛል፣ ምን ላድርግ?

የማርቆሷ
እናንተዬ እርዱኝ። ደብረ ማርቆስ ነው የምኖረው። ቡላ የሚባል የ9 ወር ወንድ ውሻ አለኝ። እናቱ የአገር ውሻ ናት፣ አባቱ ጀርመን ነው ይላሉ፣ እኔ ግን ጆሮውን ሳየው አላምንም። ግቢ ውስጥ ሸጋ ነው። የተከራዮች ልጆች ስላሉ ቀን ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ችግሩ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በገመድ ይዤው ስወጣ ነው። ከበሩ ገና እንደወጣን እንደ ጋሪ ፈረስ ይጎትተኛል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ጥሎ ስላደረ ጭቃው አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅኩ፣ ዳቦ ቤቱ ጋ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እስኪበቃው ሳቀብኝ። ሲጎትት ደግሞ ራሱን ያንቃል፣ ያስላል። መልሼ ስጎትተው ይብስበታል። የመንገድ ውሾች ሲያይማ አይጣል ነው! ያለማመዳችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁ ንገሩኝ። «ውሻ ይዞ መዞር የፈረንጅ ነገር ነው» የምትሉ አትድከሙ፣ እናቴ በየቀኑ ትለኛለች።

ፍኖተ ሰላም
እህት ዓለም፣ የሚሸመቀቅ ሰንሰለት ግዢለት። በጎተተ ቁጥር አንገቱን ያዝ ሲያደርገው ይማራል። የእኔ በአንድ ሳምንት ቀጥ ብሏል። ውሻ ሲለማመጡት ይባልጋል።

የጣና ዳር
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ውሻው አሁንም እየታነቀ እየሳለ ነው እያለች፣ አጥብቂበት ማለት ጉሮሮውን መጉዳት ነው። ደግሞ ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ ከተሸመቀቀ ሕመሙን ከዚያ ውሻ ጋር ያያይዘዋል። በኋላ ከሩቅ ሲያያቸው መጮህና መናከስ ይጀምራል።

እታለም፣ ቡላ የሚጎትተው ሊንቅሽ ፈልጎ አይደለም። እሱ ሲጎትት አንቺ ትከተያለሽ፣ የፈለገው ቦታ ይደርሳል፣ ስለዚህ መጎተት እንደሚያዋጣ ተምሯል። አትቀየሚኝ እንጂ ያስተማርሽው አንቺው ነሽ፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሁን እንዳያዋጣው ማድረግ ነው። ገመዱ ሲወጠር ቁሚ። አትጎትቺ፣ አትቆጪ፣ ዝም ብለሽ ቁሚ። ዞር ብሎ ሲያይሽ ወይም አንድ እርምጃ ተመልሶ ገመዱ ሲላላ ወዲያው «ጎበዝ!» በይውና ቁራሽ ነገር ሰጥተሽው ሂጂ። እንደገና ከወጠረ እንደገና ቁሚ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከበርሽ እስከ ጎረቤት በር ለመድረስ ሩብ ሰዓት ሊፈጅብሽ ይችላል፣ አላፊ አግዳሚውም ያበደች ይመስለዋል፣ ቻይው። አንድ ቀን ቆመሽ በማግስቱ ስለቸኮልሽ ከተከተልሽው ግን ከዜሮ ነው የምትጀምሪው። ስትቸኩዪ ጭራሽ አታውጪው።

ቁራሹን ከጉልበትሽ ጎን ስጪው፣ ፊት ለፊት ከሰጠሽው እግርሽ ስር እየገባ ይጥልሻል። እኔ ከሥጋ ቤት ሳንባ በርካሽ እገዛና በደንብ ቀቅዬ የባቄላ ፍሬ አሳክዬ እቆርጠዋለሁ። ጥሬውን አደራ እንዳትሰጪ። በከብት ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ የሚታየው ውሃ የቋጠረ ከረጢት የትል ነው፣ ውሻ ከበላው በኋላ ወደ ሰው ይመጣል። በጾም ሥጋ ቤት ሲዘጋ የደረቀ ዳቦም ይሠራል። የወጥ ትራፊ ግን ተይ፣ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳል።

ገመዱ ሁለት ሜትር ቢሆን ይበቃል። ከቻልሽ ደግሞ በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ የሚታሰር አሠሪለት። እኔ ቦርሳ ለሚጠግን ልጅ የቦርሳ ማንገቻና ቀለበት ሰጥቼው በአንድ ቀን ሰፍቶልኛል። ቀለበቱ ፊት ለፊት ደረቱ ላይ ይሁን። ያኔ ሲጎትት ወደ አንቺ ያዞረዋል፣ ጀርባው ላይ ከሆነ ግን እንደ ቀንበር ተመችቶት ነው የሚጎትተው።

የቢቸናው
የጣና ዳር ጨርሶታል፣ እኔ ትንሽ ልጨምር። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ ከበር ሲወጣ ቢያብድ ምን ይገርማል? ከመውጣትሽ በፊት ግቢ ውስጥ ኳስ ወርውሪለት፣ ይሩጥ፣ እንፋሎቱ ይውጣለት። አባቴ ወይፈን ሲያቀና የመጀመሪያ ቀን እርሻ አያስገባውም ነበር፣ ቀንበሩን ብቻ አስለምዶ ይፈታዋል። አንቺም ገመዱን ግቢ ውስጥ አስጀምሪው፣ አስር አስር ደቂቃ፣ ከዚያ ጭር ያለ ቅያስ፣ አደባባዩ መጨረሻ ላይ ይደርሳል። ገመዱ ላልቶ ሲሄድልሽ ደግሞ ቆም ብሎ ያሽትት፣ ለእሱ ማሽተት ከሥጋ አይተናነስም።

የመንገድ ውሾች ሲመጡ አጠገባቸው እስክትደርሱ አትጠብቂ። ከሩቅ ስታያቸው መንገድ ቀይሪ፣ ወይም ዞረሽ ተመለሺ። ልጆች ድንጋይ ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉም ይደነግጣል፣ ራቅ አድርጊው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ካልተከተበ ግን ከዚህ ሁሉ በፊት እሱን አስጨርሺ፣ በየዓመቱ ነው። አንቺንም አንዱ ቢነክስሽ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂጂ። እኛ አገር መጀመሪያ ወደ ባህል መድኃኒት ነው የሚሮጠው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ግን መትረፍ የለም ማለት ይቻላል።

ፍኖተ ሰላም
እሺ በሳንባ ሞክሪውና እናያለን 😄

የማርቆሷ
12 ቀን ሆነን። የደረት ማሰሪያውን አሠራሁ፣ ክትባቱንም አስወጋሁት። የመጀመሪያዎቹን አራት ቀናት ከበራችን አልራቅንም፣ ተከራዮቹ ምን ጠፍቶሽ ነው እያሉ ጠየቁኝ። አሁን እስከ አስፋልቱ ድረስ ገመዱ ላልቶ ይሄዳል፣ ሲወጥር ራሱ ዞር ብሎ ያየኛል። የመንገድ ውሾቹ ላይ ገና ነን። ሥጋ ቤቱ ጋ ግን አልተቻለም። ትናንት ገመዱ እስኪላላ በሩ ላይ ቆሜ ስጠብቅ ባለ ሥጋ ቤቱ ወጥቶ «ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አለኝ።