ጥቁሩ ሁዲ ወረቀት ላይ ጭቃ ሆነብኝ

ለአንድ የመንገድ ፋሽን ብራንድ ካታሎግ እየሠራሁ ነው። ኤ5፣ 32 ገጽ፣ መሃሉ ላይ በሽቦ የሚሰፋ። ፎቶዎቹ በሙሉ ማታ፣ በመንገድ መብራት፣ ግራፊቲ የተሳለበት ግድግዳ ሥር የተነሱ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፖስተር እንዲመስል ብዬ የማያብረቀርቅ ሸካራ ወረቀት መረጥኩ።

የሙከራው ህትመት ሲመጣ ክው አልኩ። ስክሪን ላይ የጥቁሩ ሁዲ የኪስ ስፌት፣ የገመዱ ጫፍ ሳይቀር ይታይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ግን ሁዲውና ጨለማው አንድ ሆነዋል። ቀለሙም ጣት ላይ ይቀራል። (በስፕሬይ የተጻፈው ደማቅ አረንጓዴም ደብዝዟል። እሱ በአራቱ የማተሚያ ቀለም (ሲያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫ፣ ጥቁር) እንደማይወጣ ስለማውቅ ትቼዋለሁ።)

ፎቶዎቹ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ናቸው። ወደ ሲኤምዋይኬ፣ ማለትም ወደ አራቱ የማተሚያ ቀለም፣ የቀየርኳቸው ለሚያብረቀርቅ ወረቀት በተዘጋጀ ፕሮፋይል (የቀለም መቀየሪያ ፋይል) ነበር። ጨለማው ቦታ ላይ የአራቱ ቀለም ድምር (እያንዳንዱ እስከ 100 ሲቆጠር) 330 ፐርሰንት ይደርሳል። ፎቶውን በጠቅላላ ሳበራው ሌሊቱ ጠፋ፣ ቀን የተነሳ መሰለ። በሚያብረቀርቅ ወረቀት ሳሳትመው ደግሞ ስፌቱ ወጣ፤ ግን የባንክ ብሮሹር ሆኖ አረፈው።

ሸካራውን ወረቀት ሳልለቅ ስፌቱ እንዲታይ፣ የቀለሙን ድምር ስንት ፐርሰንት ላይ ላውርደው?