ቻናል ከመክፈታችን በፊት እጃችንን እናፍታታ፦ የጋራ ዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ
ሰላም ለሁላችሁ። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማኅበራዊ ሚዲያን እንዲለምዱ ለማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን ረቂቅ እዚሁ እንጨርሰው። መነሻዬ እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የሻርሎት መክለንበርግ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የጀመረው «23 ነገሮች» የተባለ የሠራተኞች ልምምድ ነው። ልምምዱን የቀረጸችው ሄለን ብላወርስ ናት። ሠራተኛው አዳራሽ ገብቶ አልተማረም። ብሎግ ከፈተ፣ ፎቶ ጫነ፣ ዊኪ ላይ ጻፈ፤ እየነካካ ለመደው። እኛ ዘንድ ሥልጠና ማለት ስላይድ አይቶ ሰርተፍኬት ይዞ መመለስ ሆኗል። ይህ እንዲቀየር እፈልጋለሁ።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባል፣ ሐዋሳ
እደግፋለሁ፤ 23 ግን ይበዛብናል። ጠዋትም ማታም አንድ ሰው ብቻ የሚቆምበት ቤተ መጻሕፍት አለ። ስምንት እናድርገውና በቴሌግራም እንጀምር፤ አንባቢያችን ያለው እዚያ ነው። ቻናል መክፈት ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ መልስ መስጠት ነው። ተማሪ አርብ ማታ «የ12ኛ ፊዚክስ አለ?» ብሎ ጽፎ ሰኞ ከሰዓት መልስ ካገኘ ሁለተኛ አይጠይቀንም። ረቂቁ ላይ ተረኛ መልስ ሰጪ ይግባ፤ ተረኝነቱም እንደ ሥራ ሰዓት ይቆጠር።

ካታሎገር፣ ባሕር ዳር
በተረኛው ተስማምቻለሁ። የኔ ጉዳይ ፊደል ነው፣ ትንሽ ልዘርዝረው። መዝገቡ ላይ «ዓለም» ብለን ያስገባነውን መጽሐፍ «አለም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ላያገኘው ይችላል። «ፀሐይ»ንማ በስንት ዓይነት እንደምንጽፈው ታውቃላችሁ። አንባቢው የለም ብሎ ይሄዳል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሏል። ኮሃ የተባለውን የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር የምትጠቀሙ፣ ሌላውን አጻጻፍ ማርክ በሚባለው የመዝገብ ቅርጽ መስክ 246 ላይ ጨምሩት፤ የአማራጭ ርዕስ ቦታ ነው። ቴሌግራም ላይም ከሽፋኑ ፎቶ ሥር ሁለቱንም አጻጻፍ እናስፍር። ይህ ራሱን የቻለ አንድ ልምምድ ይሁን፤ ከስምንቱ ውስጥ የኔ ቀዳሚ እሱ ነው።

ወጣት አባል፣ ዩኒቨርሲቲ
ጥሩ። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሰው የሚጠይቀን ፒዲኤፍ ነው። ካልጫንን ማን ይከተለናል?

አባል፣ አዲስ አበባ
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መልሴ ግን አይሆንም ነው። በቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። የደራሲን እንጀራ እየነካን ንባብ እናስፋፋለን ማለት አንችልም። ይልቅ በነፃ የተለቀቀውን እናሳይ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎች ኦንላይን አሉ። እንዴት እንደሚፈለጉ ብናሳይ ስንቱን ተማሪ ከድካም እናድነዋለን! ሌላው ደግሞ፣ መጽሐፍ ያልመለሱ ሰዎችን ስም ቻናል ላይ መለጠፍ በግልጽ ይከልከል። ማን ምን እንደተዋሰ የተዋሰው ሰው ምስጢር ነው።

ወጣት አባል፣ ዩኒቨርሲቲ
ገባኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ ፍለጋውን በአጭር ቪዲዮ እኔ እሠራዋለሁ።

አስተባባሪ
ተባረክ። እንዲህ አስገብቼዋለሁ፦ «ማኅበሩ ለአባላቱ ስምንት ልምምዶች ያዘጋጃል፤ የፊደል አጻጻፍና የፍለጋ ልምምድ ከነዚህ አንዱ ነው። ቻናል የሚከፍት ቤተ መጻሕፍት ተረኛ መልስ ሰጪ ይመድባል። ያለ ባለመብቱ ፈቃድ መጽሐፍ አይጫንም፤ የተዋሰ ሰው ስም አይለጠፍም።» የቀረው የኢንተርኔት ወጪ ነው። አባላት ከኪሳቸው ዳታ እየገዙ ይሥሩ ማለት ይከብደኛል። ከማኅበሩ መዋጮ ይሸፈን ወይስ የየመሥሪያ ቤቶቻችንን እንጠይቅ? እስከ ሐሙስ ጻፉልኝ።