የዕቅድ ውይይት፦ ለጎርጎራ ዳርቻ የደንገል መከታ

ሰብሳቢ (ጎንደር)፦ ወገኖች፣ በጣና ዳር ማዕበል እየናደው ስላለው መሬት የምናቀርበውን የጋራ ፕሮፖዛል ዛሬ መልክ እናስይዘው። የድንጋይ ግንብ ይሠራ ያላችሁ አላችሁ። ግንብ ማዕበሉን መልሶ ስለሚገፋው ከሥሩ ያለው አፈር ይታጠባል። ደንገል፣ ታንኳ የሚሠራበት ረጅሙ የውሃ ዳር ተክል፣ ግን ውሃው በግንዶቹ መሀል ሲሽሎከለክ ጉልበቱን ይጨርስበታል፤ ሥሩም ደለሉን ይይዛል። በባሕር ጠረፍ ማንግሮቭ (በጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ) እና ኮራል ሪፍ (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ዐለት) ማዕበሉን እንዲሁ ያደክሙታል። ኮራል ሪፍ በአማካይ 97 በመቶ የማዕበል ጉልበት እንደሚቀንስ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ከደንገል ያን ያህል አልጠብቅም፤ ሰፊ ሆኖ ከተተከለ ግን ዳሩን ያተርፍልናል።

አባል (ደንቢያ)፦ ጋሼ፣ በደንገሉ እስማማለሁ። «ችግኝ ተከላ» ብለን ብቻ ከጻፍን ግን በክረምት ተተክሎ በበጋ ከብት ይጨርሰዋል። ውሃው ሲሸሽ ባሕር ሸሹን አርሶ ልጆቹን የሚያሳድግ ገበሬ አለ። እሱን ዝም ብሎ ተነሥ ማለት ግፍ ነው፤ ተነሥ ብንለውም አይነሣም። ከበጀቱ ትልቁ ድርሻ ለጥበቃና ለከብት መኖ ይዋል። ዳሩን የለቀቀም ሣሩን አጭዶ የመውሰድ መብቱ በጽሑፍ ይረጋገጥለት።

አባል (ጎርጎራ)፦ ታንኳ ሠሪዎቹን የት አደረጋችኋቸው? ደንገል ከላይ ከታጨደ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ከነሥሩ ከተነቀለ ግን አለቀለት። ይህን ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ አጨዳውን እነሱ ይምሩት። ደግሞ በሰኔ አትትከሉ! ሐይቁ ከሰኔ እስከ መስከረም ከአንድ ሜትር በላይ ስለሚወጣ ለጋው ተክል ይሰምጣል። መስከረም አልፎ ውሃው መውረድ ሲጀምር፣ ከነሥሩ ተቆርጦ የመጣውን ጉማጅ እርጥብ ጭቃ ላይ መትከል ይሻላል። ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን አረም፣ እምቦጩንም አስቡበት፤ ነፋስ እየገፋ አምጥቶ ከጫነበት ያፍነዋል። ከፊቱ የቀርከሃ አጥር ይግባለት።

ሰብሳቢ፦ እታለም፣ የተከላውን ጊዜ እንዳልሽው አስተካክዬዋለሁ፤ አጥሩም ገብቷል። የውሃው ከፍታ ከሐይቁ ወደ ዓባይ የሚወጣውን ውሃ የሚቆጣጠረው የጨረጨራ ግድብ በሚለቀው መጠንም ስለሚወሰን፣ ተከላው አንድ ስስ መስመር ሳይሆን ከደረቁ ዳር እስከ ውሃው ድረስ የሚዘረጋ ሰፊ ቀበቶ ይሁን ብዬ ጽፌያለሁ። ውሃው ቢወርድም ቢወጣም ከፊሉ አይጠፋም። የመኖውንና የአጨዳውን አንቀጽ የደንቢያና የጎርጎራ አባላት ከገበሬዎቹና ከታንኳ ሠሪዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ጻፉልን። እስከ ቅዳሜ ይድረሰኝ፤ የበጀት ሠንጠረዡን ከዚያ በፊት አልነካውም።