የአባቴ ዓይን መድረቅ ከፓርኪንሰን ጋር ይያያዛል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ፓርኪንሰን ከያዛቸው ዓመታት ተቆጥረዋል፤ ለሕመሙ ሌቮዶፓ፣ ለእጃቸው መንቀጥቀጥ ደግሞ አርቴን የሚባሉ መድኃኒቶችን ይወስዳሉ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ዓይናቸውን አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁራቸዋል፤ ዳዊት ሲደግሙም ፊደሉ ይደበዝዝባቸዋል። ግራ ያጋባኝ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ «ዓይንዎ ደርቋል» መባላቸው ነው። ይህ ከሕመማቸው የመጣ ነው? እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠብታውን ራሳቸው ማድረግ አልቻሉም።

መልስ 1፦
አዎን፣ ሊያያዝ ይችላል። ጤነኛ ሰው ዓይኑን በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ያርገበግባል፤ በፓርኪንሰን ምክንያት ዶፓሚን (እንቅስቃሴን ለመቆጣጠር የሚረዳ የአንጎል ኬሚካል) ሲያንስ ግን የፊት ጡንቻዎች እንቅስቃሴ እንደሚቀንስ ሁሉ የዓይን ቆብም መርገብገቡ ስለሚቀንስ፣ እንባው በዓይን ላይ ሳይዳረስ ይተናል፤ በንባብ ጊዜ ደግሞ ይብሳል። እንባ የሚያመነጩትን ዕጢዎች የሚያዙ ነርቮችም በሕመሙ ሊጎዱ ይችላሉ። እንባ የሚወርደው የደረቀው ዓይን ሲቆጠቆጥ በአንድ ጊዜ ብዙ ስለሚያመነጭ ነው፤ ይህም እንባ ዓይን ላይ ሳይቆይ ፈስሶ ያልቃል።

አርቴንን በተመለከተ ሐኪማቸውን ሳይውሉ ሳያድሩ ያነጋግሩ። መድኃኒቱ አፍንም ዓይንንም ያደርቃል፣ እይታን ያደበዝዛል፣ የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል፤ በአረጋውያን ላይም መደናገርና የመርሳት ችግር ሊያስከትል ስለሚችል መጠኑ እንደገና ሊታይ ይገባል። ነገር ግን በድንገት ማቋረጥ ሕመሙን ስለሚያባብስ በራስዎ ውሳኔ አያስቁሟቸው።

መልስ 2፦
እናቴን በዚሁ ሕመም ስላስታመምኩ ስለ ጠብታው ልንገርዎ። አባትዎን በጀርባቸው አስተኝተው ዓይናቸውን እንዲጨፍኑ ያድርጉ፤ ሰው ሠራሽ እንባውን በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ላይ ያንጠባጥቡና ቀስ ብለው ሲገልጡ ራሱ ይገባል። እጅ ቢንቀጠቀጥም የጠርሙሱ ጫፍ ዓይናቸውን አይወጋም። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመረው መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ዓይነት ይጠይቁ፤ ማታ ደግሞ የዓይን ቅባት ይረዳል። ቡና ሲፈላ ከከሰሉና ከዕጣኑ ጭስ ራቅ ብለው ይቀመጡ፤ ዳዊት ሲደግሙም በየመዝሙሩ መጨረሻ ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ እንዲያደርጉ ያስታውሷቸው።

መልስ 3፦
አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የሚገዛ ዴክሳሜታዞን (ብግነት የሚቀንስ ስቴሮይድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ ለጊዜው ያስታግስ ይሆናል እንጂ ሲደጋገም ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) እና የዓይን ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ጠንካራ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት ወይም የእይታ ድንገተኛ መቀነስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰዷቸው።