«ዕድሜዬን አላባክንም» ባለው ተመራቂ ላይ የተነሳ ክርክር

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦
ከጥቁር አንበሳ ብዙም በማይርቅ አዳራሽ ስለ አረጋውያን ሕክምና በተደረገ የጤና ተማሪዎች ውይይት ላይ አንድ ተመራቂ ተነስቶ «አረጋውያንን አከብራለሁ፤ ዕድሜዬን ግን በማይድን በሽታ ላይ አላባክንም» ሲል ታዳሚው አጨበጨበለት። እኔን ይበልጥ ያሳዘነኝ ጭብጨባው ነው፤ ነገ ወላጆቻችንን የሚያክሙት ያጨበጨቡት ናቸውና።

ኢንተርን፦
ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ። በሕፃናት፣ በማህፀንና ጽንስ፣ በቀዶ ሕክምናና በውስጥ ደዌ ክፍሎች አታችመንት (የተግባር ልምምድ) ወጥተናል፤ ለአረጋውያን ሕክምና ተብሎ የተለየ ጊዜ ግን አልተሰጠንም። ያላስተማሩንን አልወደዳችሁም ብሎ መውቀስ ፍትሕ አይደለም። ደግሞስ ስፔሻላይዝ አድርጌ ብመለስ የሚቀጥረኝ ማን ነው?

ሲስተር ከካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ ስለ ሥራ ያነሳኸው እውነት ነው፤ «አላባክንም» የሚለውን ግን አላልፈውም። ስኳርም ደም ግፊትም ፈጽመው አይድኑም፤ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዕድሜውን አባከነ ያለ ሰው ግን አልሰማሁም። እንግዲያው ተመራቂው የሸሸው በሽታውን ሳይሆን በሽተኛውን ነው። ትናንት በደህና ሲጨዋወቱ የነበሩ እናት ዛሬ ድንገት ቀንና ሌሊት ሲምታታባቸው ዋርድ ውስጥ ቶሎ የሚሰማው «እርጅና ነው» የሚል ነው። ምክንያቱ ግን የሽንት ኢንፌክሽን፣ የፈሳሽ ማነስ ወይም ከየክሊኒኩ የታዘዙላቸው መድኃኒቶች መደራረብ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በጊዜ ተፈልጎ ሲታከም ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ አእምሯቸው ይመለሳሉ። «እርጅና ነው» ሲባል ምርመራው እዚያው ይቆማል፤ የሚባክነውም የእሳቸው ዕድሜ ነው።

የልደታው፦
እኛ ወላጆቻችንን በቤታችን እንጦራለን። የሽማግሌ ሐኪም የሚሉት የፈረንጅ ኑሮ ያመጣው ነገር ነው፤ ቤተሰብ ለሌለውም መቄዶንያ አለ።

የአራት ኪሎ ነዋሪ፦
ጋሼ፣ መቄዶንያ ከጎዳና አንስቶ ይጦራል፣ ያስታምማል፤ ሥራውም የተቀደሰ ነው፤ የሐኪም ትምህርት ጉድለትን ግን በበጎ አድራጎት መሸፈን አይቻልም። ቤተሰብ ፍቅር አለው፤ አምስት መድኃኒት በአንድ ላይ ሲታዘዝ የትኛው ከየትኛው እንደሚጋጭ ግን አያውቅም።

የልደታው፦
ሐኪም የሚያሻው ሲታመሙ ነው። መጦርን ከማከም አትቀላቅሉ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፦
ሁለቱን ለያይቶ ማየቱ ነው አልጋ ላይ የሚያስቀራቸው። እ.ኤ.አ. በ1935 ማርጆሪ ዋረን የተባለች እንግሊዛዊት ሐኪም፣ ለንደን ውስጥ ተስፋ ተቆርጦባቸው ለዓመታት የተኙ አረጋውያንን ተረክባ እያንዳንዳቸውን መረመረች፣ እንዲነሱና እንዲንቀሳቀሱ አደረገች፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የዚህ ሕክምና ታሪክ በአመዛኙ ከዚያ ይጀምራል። «የማይድን» ያላችሁት አንዳንዱ ማንም ያላነሳው ሰው ነው።

ኢንተርን፦
ማርጆሪ ዋረን አልጋም፣ አብሯት የሚሠራ ሰውም ነበራት። እኛ ጋ አዛውንቱ የሚመጡት በስትሮክ ከወደቁ ወይም የዳሌ አጥንታቸው ከተሰበረ በኋላ፣ ያውም ዘግይተው ነው። ተማሪ ሁልጊዜ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ እያየ ተስፋ ቢቆርጥ ምን ይደንቃል? ሕዝባችንም በአብዛኛው ወጣት በመሆኑ ያለው ጥቂት ገንዘብ ለእናቶችና ለሕፃናት ቢቀድም አልቃወምም።

ሲስተር ከካዛንቺስ፦
የመጨረሻውን ብቻ ማየታችሁ ያልከው ትክክል ነው፤ ለዚህም ነው ተማሪዎች በደህና ዕድሜያቸው ላይ ያሉ አዛውንቶችን በጤና ጣቢያና በየቤታቸው እንዲያዩ የምንጠይቀው። ይህ ከሕፃናት ገንዘብ አይቀማም። ከፊታችሁ ያለውን አስታማሚ ብቻ አነጋግራችሁ አዛውንቱን ሳትጠይቁ ራውንድ (የሕሙማን ጉብኝት) ማለፍ ደግሞ የበጀት ጉዳይ አይደለም።

የልደታው፦
ሐኪሞቹ ቢማሩ አልጠላም፤ እናቴን ግን ለማንም ክፍል አላስረክብም።

ሲስተር ከካዛንቺስ፦
ያስረክቡ ያለዎት የለም። ይዘዋቸው ሲመጡ የሚያውቅ ሰው ይጠብቅዎት ነው ያልነው።

ኢንተርን፦
ያንን የሚያውቅ ሰው የሚቀጥረው ማን እንደሆነ ጠይቄ ነበር፤ እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።