ድምፄ የት ይገባል ብለው ለጠየቁት ጋሼ፣ ለሌሎቻችሁም

ሰላም ለሁላችሁ።

ስለ አሜሪካ ምርጫ ከላይ በግሩፓችን የተጻፈውን ሁሉ አነበብኩ። ክርክሩን ማን አሸነፈ፣ የትኛው ታዋቂ ሰው ማንን ደገፈ በሚለው ብዙ ተብሏል። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ጋሼ የጻፉት ነው። ዜግነት ካገኙ ዓመታት አልፈዋል፤ አንድም ቀን መርጠው አያውቁም። «ቆጣሪው የመንግሥት ሰው ከሆነ ድምፄ የት እንደሚገባ በምን አውቃለሁ?» ይላሉ። ይህ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

ጋሼ፣ ጥርጣሬዎ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በአገር ቤቱ ምርጫ፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ገና ሳይነጋ የተሰለፍን ብዙዎች እዚህ አለን። ከዚያ በፊት በቴሌቪዥን የተላለፉትን ክርክሮች ቤተሰቡ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር ያየው። ገዢው ፓርቲና ተቃዋሚው ፊት ለፊት ሲሟገቱ አይተን ተስፋ አደረግን። ቀጥሎ የመጣውን እናውቀዋለን። አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን መዝግቧል። ያን ያየ ሰው «ድምፅዎ ይከበራል» ሲባል ቢጠራጠር ማን ይፈርድበታል?

የአሜሪካው አሠራር ግን ሌላ ነው። እዚህ አገር የሁሉንም ድምፅ የሚቆጥር አንድ ምርጫ ቦርድ የለም። ምርጫን የሚያካሂዱት ክፍለ ግዛቶች ናቸው፤ ሥራው የሚሠራው ደግሞ በየካውንቲው፣ አንዳንድ ቦታ በየከተማው ነው። ፕሬዚዳንቱ የሚያዝዘው ቆጣሪ የለም። በምርጫ ቀን ጠረጴዛው ኋላ የሚቀመጡት ጡረተኛ መምህራን፣ ነርሶች፣ የኮሌጅ ተማሪዎች፣ የጎረቤት ሰዎች ናቸው።

እኔ ሜሪላንድ ውስጥ ሠርቼ አይቼዋለሁ። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ማሽኑ ባዶ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ይታተማል፤ ዜሮ ዜሮ ብሎ። የሁለቱም ፓርቲ ተመዝጋቢ የሆኑ ሠራተኞች አይተው ይፈርሙበታል። መራጩ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ያጠቁራል፣ ራሱ ማሽኑ ውስጥ ይከታል። ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም። ወረቀቱ እዚያው ታሽጎ ይቀመጣል። ማታ ውጤቱ ሲታተም እንደገና ፊርማ አለ። ከፓርቲዎቹ የተላኩ ታዛቢዎች ቆመው ያያሉ። አድካሚ ቀን ነው፤ ጨለማ ላይ ገብተህ ጨለማ ላይ ትወጣለህ። ግን ከዚያ በኋላ «ተሰርቋል» ሲሉኝ በየትኛው በር፣ በማን ፊት ብዬ እጠይቃለሁ።

ስህተት የለም አላልኩም። ወረቀት ያልቃል፣ ስም ከመዝገብ ይጠፋል፣ ማሽን ይቆማል። ወረቀቱ ካለ ግን ተመልሶ መቁጠር ይቻላል። ጆርጂያ በ2020 ያደረገችው ይህንኑ ነው። 5 ሚሊዮን የሚያህል ወረቀት በእጅ ተቆጠረ፣ ከዚያ ደግሞ በማሽን ዳግም ተቆጠረ። ባይደን በ11,779 ድምፅ መብለጡ ጸና። ውጤቱን ያጸደቀው የክፍለ ግዛቱ ባለሥልጣን ብራድ ራፈንስፐርገር ሪፐብሊካን ነው፤ የትራምፕ ደጋፊ ነበር። ትራምፕ በጥር 2021 ስልክ ደውለው 11,780 ድምፅ እንዲፈልግላቸው ሲጠይቁትም ቁጥሩን አልለወጠም። ክላርክስተንና ዲካልብ ያላችሁ ወገኖች፣ የእናንተም ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበር።

ከዚያው ከአትላንታ ልረሳው የማልችለው የሩቢ ፍሪማንና የልጇ የሼይ ሞስ ታሪክ ነው። እናትና ልጅ ናቸው፤ የፉልተን ካውንቲ ድምፅ ቆጣሪዎች ነበሩ። ከቪዲዮ ላይ ተቆርጦ የወጣ ምስል ተይዞ ድምፅ አጭበረበሩ ተባሉ። እናት ለልጇ በድብቅ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ነገር አቀበለች ተብሎ ተወራ። ልጅቱ ለኮንግረስ ኮሚቴ ቀርባ የተቀበለችው የዝንጅብል ከረሜላ እንደነበረ ተናገረች። እስከዚያ ድረስ ግን የግድያ ዛቻ ወርዶባቸው፣ እናትየው ቤቷን ጥላ ወጥታለች። በታኅሣሥ 2023 የዋሽንግተን የሕዝብ ዳኞች (ጁሪ) ክሱን ያሰራጨው የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ 148 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ወሰኑ። ገንዘቡ የጠፋውን ሰላም አይመልስም። በየግሩፑ «ቆጣሪዎቹ ሌቦች ናቸው» የሚል የድምፅ መልእክት ስታስተላልፉ፣ እባካችሁ እነዚህን ሁለት ሴቶች አስቡ።

ድምፅ ካልኩ አይቀር፣ የምርጫ ደኅንነት ሲባል ሁላችንም ማሽኑን እናስባለን። እኔን የበለጠ የሚያሰጋኝ ስልካችን ነው። በጥር 2024 የፓርቲያቸውን ዕጩ ሊመርጡ ለተቃረቡ የኒው ሃምፕሸር ዴሞክራቶች ስልክ ተደወለላቸው። የባይደን ድምፅ ነው፤ ማክሰኞ አትምረጡ፣ ድምፃችሁን ለኅዳር አቆዩ ይላል። ሰው ሠራሽ ድምፅ ነበር። ያሠራው አማካሪ 6 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ያ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቶሎ ተነቃበት። በአማርኛ በቴሌግራም የሚዞረውን ማን ያጣራል? የምርጫ ቀንና ቦታ ከግሩፕ አትውሰዱ። ከካውንቲያችሁ የምርጫ ቢሮ ብቻ ውሰዱ።

«ክርክር ማየት ጊዜ ማባከን ነው» ላልሽው እህቴ፣ በከፊል ልክ ነሽ። ብዙው ትርዒት ነው። ግን ሁሌም አይደለም። በሰኔ 27 ቀን 2024 አትላንታ ላይ ባይደንና ትራምፕ ሲከራከሩ 51 ሚሊዮን ሰው አየ። የባይደን አንደበት ሲተሳሰር ያየው የራሱ ፓርቲ ደነገጠ። ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 21፣ ባይደን ከውድድሩ ወጣ። በአንድ ምሽት ክርክር ምክንያት ፕሬዚዳንት ከውድድር ሲወጣ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

በመስከረም ደግሞ ትራምፕና ካማላ ሃሪስ ፊላደልፊያ ላይ ተገናኙ። የሃይቲ ስደተኞች በስፕሪንግፊልድ ኦሃዮ ውሻና ድመት ይበላሉ ብለው ትራምፕ የተናገሩት ያን ቀን ነው። የከተማው ባለሥልጣናት ማስረጃ የለም አሉ። ወሬው ግን ቆሞ አልቀረም፤ በዚያ ሰሞን በቦምብ ዛቻ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። እኛም ስደተኞች ነን። መድረክ ላይ የተጣለ አንድ ዓረፍተ ነገር በማግስቱ በልጆቻችን ትምህርት ቤት በር ላይ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ስታዪ ማን ማንን አሳፈረ የሚለውን ተዪው። ስለ ስደተኛ፣ ስለ ቤተሰብ ማምጣት፣ ስለ ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የሚሰጠው የመንግሥት የጤና መድን) የተባለውን ብቻ ወረቀት ላይ ያዢ። በማግስቱ ተረጋግተሽ አጣሪው።

ስለ ድጋፍ መስጠት ባጭሩ። ዘፋኝ ደገፈ፣ ጋዜጣ ደገፈ የሚለው ያን ያህል ሰው አይለውጥም ብዬ አስባለሁ። ዋሽንግተን ፖስት በ2024 ምርጫው ሊደርስ ሲል ማንንም አልደግፍም ብሎ ከ200,000 በላይ ተመዝጋቢ አጥቷል፤ አንባቢው የተቆጣው ግን ማንን ልምረጥ ብሎ ግራ ስለገባው አይደለም። የእኛ ድርጅቶች ድጋፍ ግን ይታያል። በ2021 የቨርጂኒያ ገዢ ምርጫ የአሜሪካ ኢትዮጵያውያን የሕዝብ ጉዳዮች ኮሚቴ ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ድጋፉን ሰጠ። ምክንያቱ የባይደን መንግሥት በሰሜኑ ጦርነት የያዘው አቋም ነበር። ያንግኪን በሁለት ከመቶ በማይሞላ ልዩነት አሸነፈ። በዚያው ወቅት ብዙ የትግራይ ተወላጆች ግን ጦርነቱን የሚያዩት በሌላ ዓይን ነበር። ስለዚህ ማንም ድርጅት «የኢትዮጵያውያን ድምፅ» ብሎ ሲናገር፣ በማን ስብሰባ ተወሰነ ብላችሁ ጠይቁ። ይህ የማንም ወገን ጥላቻ አይደለም።

ለደብርና ለዕድር አመራሮችም አንድ ነገር። ከታክስ ነፃ ሆኖ የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕጩ መደገፍም መቃወምም አይችልም። ሕጉ ከ1954 ጀምሮ አለ። የታክስ መሥሪያ ቤቱ በ2025 በአንድ ክስ ላይ የእምነት ቤቶችን በሚመለከት ላላ ያለ አቋም አሳይቷል፤ ሕጉ ግን አልተሻረም፣ ዕድርና ማኅበርንም ነፃ አያወጣም። ሰው እንዲመዘገብ ማስተማርና መርዳት፣ ማንንም ሳይደግፉ፣ የተፈቀደ ነው። እሱን በርትታችሁ ሥሩ።

አሁን ትልቁ ጉዳይ። እባካችሁ ለአዲስ መጪዎች ንገሩ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም። መመዝገብም አይችልም። ብዙ ወገን የሚጠመደው መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ነው። ሠራተኛዋ ወረቀት ትሰጣለች፣ «ለመምረጥ መመዝገብ ትፈልጋለህ?» የሚል ጥያቄ አለ፣ ሰውየው ነገሩ ሳይገባው አዎ ብሎ ይፈርማል። ዜጋ ነኝ ብሎ ፈረመ ማለት ነው። የዜግነት ማመልከቻው ላይ ደግሞ «ተመዝግበህ ወይም መርጠህ ታውቃለህ?» ተብሎ በግልጽ ይጠየቃል። ዜግነት ሊያስከለክል፣ ከአገር ሊያስወጣም ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ዝም ብሎ አያመልክት፤ አስቀድሞ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር።

ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ በከተማዋ ምርጫ እንዲመርጥ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ትፈቅዳለች። ዲሲም በ2022 ለአካባቢ ምርጫ የሚሆን ሕግ አውጥታለች። እነዚህ የአካባቢ ብቻ ናቸው። ከመመዝገባችሁ በፊት በየትኛው መዝገብ እንደምትገቡ በጽሑፍ አረጋግጡ።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ደግሞ እንግሊዝኛ ማንበብ ስለማይችሉ ብቻ ቤት እንዳይቀሩ። የ1965ቱ የምርጫ መብት ሕግ ማንበብ የማይችል መራጭ የሚያግዘውን ሰው ራሱ መርጦ ይዞ እንዲገባ ይፈቅዳል። ልጅም፣ ጎረቤትም ይሆናል። የማይቻለው አሠሪው ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ነው። በሩ ላይ ያለው ሠራተኛ ካላወቀ ኃላፊውን ይጥራ በሉት።

ጋሼ፣ የካውንቲው ምርጫ ቢሮ በየምርጫው ሠራተኛ ይፈልጋል። ዜጋ ስለሆኑ፣ በመራጭነት ከተመዘገቡ ማመልከት ይችላሉ። ሥልጠና ይሰጣሉ፣ ይከፍላሉም። ካውንቲዎን ቢጽፉልኝ የማመልከቻውን ገጽ ፈልጌ እዚሁ አስቀምጥልዎታለሁ።